የቀለም ቀጠሮ፦ በሆሳዕናና በዙሪያዋ ከተሞች የፋብሪካ እድሳት መቼ ይካሄድ?

መስከረም ለሀዲያና ለከምባታ ሕዝብ የዓመቱ ራስ ነው። ሀዲያ ያሆዴን፣ ከምባታ መሳላን የሚያከብሩት በዚሁ ወር ሲሆን፣ በሩቅ ከተማ የሚኖረው ዘመድ ወደ ትውልድ ቀዬው የሚመለሰውም ያን ጊዜ ነው። እንግዳ የሚጠብቅ ሰው ቤቱን ማሳመሩ የተገባ ነውና፣ በነሐሴና በጳጉሜን ግድግዳው ይጠገናል፤ ኖራው ይበጠበጣል፤ የቀለሙ ጣሳ ይከፈታል። ልማዱ በመኖሪያ ቤት ሳይወሰን ወደ ሥራ ቦታም ይዘልቃል። የዱቄት ፋብሪካው፣ የእንጨት ሥራ ድርጅቱ፣ የቡና መፈልፈያው፣ ጋራዡ ሁሉ አዲሱን ዓመት በአዲስ መልክ ለመቀበል ይሻል።

ከጥቂት ወራት በኋላ ግን በብዙ ቦታ ያው ነገር ይታያል። በግድግዳው እግር ላይ ቀለሙ ያብጣል፤ ያበጠው ይፈነዳል፤ የፈነዳው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይላጣል። ነጭ ዱቄት መሰል ነገርም ከሥሩ ብቅ ይላል። በቆርቆሮው ጠርዝ ላይ ደግሞ ቡናማው ዝገት ተመልሶ ይመጣል። ባለቤቱ የቀለሙን አምራች ይወቅሳል፤ ቀቢው ግድግዳውን ያማርራል። በእኛ አስተያየት ሁለቱም የዘነጉት ሦስተኛ ተጠያቂ አለ፤ እርሱም የተመረጠው ቀን ነው። ቀለሙ ጥሩ፣ ቀቢውም ባለሙያ ሆኖ ሳለ ቀጠሮው ሊበላሽ ይችላል።

በዚህ ጽሑፍ የፋብሪካ እድሳትና የቀለም ቅብ በየትኛው ወርና በየትኛው ሰዓት ቢካሄድ እንደሚበጅ፣ የሥራዎቹስ ቅደም ተከተል እንዴት ሊሰላ እንደሚችል ከፊዚክስ፣ ከኬሚስትሪና ከሒሳብ አንጻር እንመለከታለን። ምሳሌያችን ስንዴ አብቃይ በሆነው በዚህ አካባቢ በብዛት የሚታወቀው የዱቄት ፋብሪካ ይሆናል።

የአካባቢው ጠባይ

ሆሳዕና ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 230 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ፣ በ2015 ዓ.ም. የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ከተመሠረተ ወዲህም ከክልሉ መቀመጫዎች አንዷ የሆነች ከተማ ናት። ከባሕር ጠለል ያላት ከፍታ ከ2,100 ሜትር ይበልጣል። የከምባታዋ ዱራሜም በዚሁ ከፍታ ግድም፣ ከሐምበሪቾ ተራራ አጠገብ ትገኛለች።

ይህ ከፍታ ለቀለም ሥራ ሁለት ትርጉም አለው። አንደኛ፣ በዚህ ደረጃ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ በመሆኑ፣ በደረቅ ቀን ውሃ ከእርጥብ ገጽ ላይ ፈጥኖ ይተናል። ሁለተኛ፣ የአየሩ ሽፋን ስለሚሳሳ የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ይበረታል። ይህ ጨረር በእያንዳንዱ 1,000 ሜትር ከፍታ በመቶ 10 ያህል እንደሚጨምር ይታወቃል። ቀለሙን አጣብቆ የሚይዘውን ንጥረ ነገር እየበጣጠሰ፣ ግድግዳውን ሲነኩት እጅ ላይ የሚቀር ዱቄት የሚያደርገውም እርሱ ነው።

ዝናቡ በሁለት ወቅት ይከፈላል። ከየካቲት መጨረሻ እስከ ግንቦት የበልግ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም የክረምት ዝናብ ይዘንባል። ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ደረቅ ወቅት ነው። እንግዲህ በነሐሴ መጨረሻ ላይ የሚገኝ ግድግዳ ከሦስት ወር በላይ ውሃ ሲጠጣ የከረመ ግድግዳ ነው። በዓመቱ ውስጥ እርጥበቱ ከፍ የሚልበት ጊዜ ለበዓሉ ከምንቀባበት ጊዜ ጋር መገጣጠሙ የችግሩ ሁሉ መነሻ ነው።

እርጥብ ግድግዳ ላይ ምን ይፈጠራል?

ማንኛውም ቀለም ሦስት ዋና ዋና ክፍሎች አሉት፤ መልክ የሚሰጠው የደቀቀ ማዕድን፣ ያንን አጣብቆ የሚይዘው ማጣበቂያና ሁለቱን የሚያቀጥነው ፈሳሽ ናቸው። በውሃ ቀለም ፈሳሹ ውሃ ነው። ውሃው ሲተን በውስጡ ተበትነው የነበሩት የማጣበቂያ ቅንጣቶች እየተቀራረቡ፣ እየተጫጫኑ፣ በመጨረሻም እየተዋሐዱ አንድ ወጥ ስስ ሽፋን ይሆናሉ። ቅዝቃዜ ከበረታ ቅንጣቶቹ ስለሚጠጥሩ አይዋሐዱም። ስለዚህም አምራቾች እንደየቀለሙ ዓይነት ከ5 ወይም ከ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች እንዳይቀባ ያስጠነቅቃሉ። ዘይት ቀለም ደግሞ በሁለት ደረጃ ይደርቃል። በመጀመሪያ አኳራጃው ይተናል፤ ቀጥሎም ዘይቱ ከአየሩ ኦክሲጅን ጋር ተዋሕዶ ይጠነክራል። ሁለተኛው ደረጃ ሰዓታትን፣ አንዳንዴም ቀናትን ይፈልጋል።

አሁን ይህ ሽፋን በእርጥብ ግድግዳ ላይ ተዘረጋ እንበል። በልስኑና በብሎኬቱ ቀዳዳዎች ውስጥ ያለው ውሃ ፀሐይ ስትወጣ ወደ ውጭ መትነን ይጀምራል። መውጫው ግን በቀለሙ ተዘግቷል። የታፈነው እንፋሎት ሽፋኑን ከኋላ ይገፋዋል፤ ያብጣልም። ውሃው በጉዞው ከሲሚንቶውና ከአሸዋው ያሟሟውን ጨው ይዞ ስለሚመጣ፣ በተነነበት ቦታ ጨው ጥሎ ይሄዳል። በግድግዳው እግር የምናየው ነጭ ዱቄት ይኸው ነው። ጨው ክሪስታል ሲሠራ መጠኑ ስለሚጨምር ከውስጥ ሆኖ ቀለሙን ፈንቅሎ ያነሣዋል።

በአዲስ ልስን ላይ ሌላ አደጋ አለ። ሲሚንቶ ከውሃ ጋር ሲዋሐድ ካልሲየም ሃይድሮክሳይድ ያመነጫል፤ የአዲስ ልስን የፒኤች መጠንም ከ12 ይበልጣል። እርጥበቱ ሳይወጣ ዘይት ቀለም ከተቀባበት አልካሊውና ዘይቱ ይገናኛሉ። አልካሊና ዘይት ሲገናኙ ምን እንደሚሆን የኬሚስትሪ ተማሪ ሁሉ ያውቃል፤ ሳሙና ይሆናሉ። ባለቤቱ ሳያውቀው በግድግዳው ላይ ሳሙና አብስሏል ማለት ነው። ቀለሙ ቢለሰልስና ቢያዥ አያስገርምም።

ቆርቆሮም የራሱ ኬሚስትሪ አለው። አዲስ የጣሪያ ቆርቆሮ በዚንክ የተለበጠ ነው። ተራ ዘይት ቀለም በቀጥታ ሲቀባበት ከዚንኩ ጋር ተዋሕዶ የሳሙና ዓይነት ንብርብር ስለሚፈጥር፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ በሰፋፊው ይላጣል። በመሆኑም ለዚንክ የሚስማማ የመጀመሪያ ቅብ ያስፈልገዋል።

የጠዋቱ ጤዛ

ወሩ በትክክል ቢመረጥም ሰዓቱ ሊሳሳት ይችላል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሲያድር፣ የፋብሪካው ጣሪያና የብረት መሰላሉ ሙቀታቸውን ወደ ሰማይ እየረጩ ከአየሩ ይበልጥ ይቀዘቅዛሉ። ብረቱ ከተወሰነ የሙቀት መጠን በታች ሲወርድ በአየሩ ያለው እንፋሎት በላዩ ላይ ወደ ውሃነት ይለወጣል። ያ መጠን የጤዛ ነጥብ ይባላል።

የጤዛ ነጥብን በግምት ለማወቅ ቀላል ስሌት አለ። የአየሩ አንጻራዊ እርጥበት ከመቶ 50 በላይ ሲሆን፣ ከ100 ላይ የእርጥበቱን መቶኛ ቀንሰን ለ5 እናካፍላለን፤ ያገኘነውንም ከአየሩ ሙቀት ላይ እንቀንሳለን። በዓለም ዙሪያ የብረት ቀለም ባለሙያዎች የሚከተሉት ደንብ የሚቀባው ገጽ ሙቀት ከጤዛ ነጥብ ቢያንስ በ3 ዲግሪ ሴልሺየስ እንዲበልጥ፣ የአየሩም እርጥበት ከመቶ 85 እንዳያልፍ ይጠይቃል።

ለምሳሌ ያህል በአንድ የኅዳር ቀን ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ የአየሩ ሙቀት 9 ዲግሪ፣ እርጥበቱ በመቶ 90፣ የቆርቆሮው ሙቀት ደግሞ 6 ዲግሪ ነው እንበል። ከ100 ላይ 90 ሲቀነስ 10፣ ለ5 ሲካፈል 2 ይሆናል። የጤዛ ነጥቡም 7 ዲግሪ ነው። ቆርቆሮው ከጤዛ ነጥብ በታች ስለሆነ እርጥብ ነው፤ ዓይን ባያየው እንኳ ስስ የውሃ ሽፋን አለበት። በዚያው ቀን 5 ሰዓት ላይ አየሩ 21 ዲግሪ፣ እርጥበቱ በመቶ 50፣ ቆርቆሮው 30 ዲግሪ ቢሆን የጤዛ ነጥቡ 11 ዲግሪ ይሆናል። ልዩነቱ 19 ዲግሪ ነውና ሥራው ያለ ስጋት ሊካሄድ ይችላል።

የቀትር ፀሐይም ገደብ አለው። ብረቱ እጅ እስከማያስነካ ድረስ ከጋለ ቀለሙ ሳይንጣለል ከላይ ይደርቃል፤ ከሥሩም አየር ይቋጥራል። በተጨማሪም ከሰዓት በኋላ ዘግይቶ የተቀባ ዘይት ቀለም ሳይደርቅ የማታው ጤዛ ይወርድበትና አንጸባራቂነቱን ያጣል። ስለሆነም በደረቁ ወቅት የውጭ ብረትን ለመቀባት ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ያለው ጊዜ የተሻለ ነው። «ማልዶ የወጣ ብዙ ይሠራል» የሚለው እሳቤ እዚህ ላይ አይሠራም። ማልዶ የመጣው ቀቢ ዝገት ይፈግፍግ፣ ብርጭቆ ወረቀት ይምታ እንጂ ብሩሹን አይንከር።

የግድግዳዎቹ አቅጣጫም በቀጠሮው ውስጥ መግባት አለበት። ሆሳዕና ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ7 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ትገኛለች። ከመስከረም አጋማሽ እስከ መጋቢት አጋማሽ ፀሐይ በደቡቡ ሰማይ ስለምትሄድ የሰሜኑ ግድግዳ ቀጥተኛ ጨረር አያገኝም። በብዙ ሕንጻዎች ሰሜናዊው ገጽ አረንጓዴ ሻጋታ የሚያበቅለው ያለ ምክንያት አይደለም። ስለዚህ ሥራው ከደቡቡ ግድግዳ ቢጀመርና የሰሜኑ ለመጨረሻ ቢቆይ ለመድረቂያ ተጨማሪ ሳምንታት ያገኛል።

ሦስት የቀን መቁጠሪያዎች

ከዚህ በላይ ያየነው የተፈጥሮ ቀን መቁጠሪያ ነው። የፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ ግን በዚህ ብቻ ሊመራ አይችልም፤ በፊቱ ሦስት የቀን መቁጠሪያዎች ተዘርግተዋልና። አንደኛው የዝናቡ፣ ሁለተኛው የበዓሉ፣ ሦስተኛው የምርቱ ነው። የዝናቡ «ከጥቅምት እስከ ጥር ቀባ» ይለዋል። የበዓሉ «ለመስከረም አድርስ» ይለዋል። የምርቱ ደግሞ «ከኅዳር ጀምሮ አትቁም» ይለዋል፤ የመኸር ስንዴ የሚሰበሰበው በኅዳርና በታኅሣሥ ነውና። ለቀለም የሚስማማው ወቅትና አዲስ ስንዴ ወደ ፋብሪካ የሚጎርፍበት ወቅት አንድ ሆኑ ማለት ነው። እውነተኛው ፈተና ይህ ነው።

የአገራችን ስኳር ፋብሪካዎች ይህንኑ ፈተና በተቃራኒው መንገድ ፈትተውታል። እ.ኤ.አ. በ1954 ማምረት ከጀመረው ከወንጂ አንስቶ እስከ መተሐራና ፊንጫ ድረስ ስኳር ፋብሪካዎች በክረምት ወፍጮአቸውን አቁመው ዓመታዊ ጥገና ያካሂዳሉ። በዝናብ ጊዜ ማሳው ስለሚጨቀይ አገዳ ቆርጦ ማጓጓዝ አይቻልም፤ የአገዳው የስኳር መጠንም ይቀንሳል። ለእነርሱ ማሽን የሚፈታበት ጊዜ ክረምት መሆኑ ተገቢ ነው። ከጣሪያ በታች የሚፈታ ማሽን ዝናብ አይነካውም። በውጭ ያለ ብረትና ግድግዳ ግን በዚያው ወቅት ሊቀባ አይገባውም። ከዚህ የምንማረው «እድሳት» ብለን በአንድ ቃል የምንጠራው ሥራ በርካታ ሥራዎችን የያዘና እያንዳንዱም የየራሱ ወቅት ያለው መሆኑን ነው።

በስኮትላንድ ውስጥ የሚገኘው የፎርዝ የባቡር ድልድይ ሌላ ትምህርት ይሰጠናል። እ.ኤ.አ. በ1890 የተከፈተው ይህ የብረት ድልድይ ቀለሙ ተቀብቶ የማያልቅ መሆኑ ተረት እስኪሆን ድረስ ሲነገርለት ኖሯል። እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2011 በተካሄደው ታላቅ እድሳት ግን የቆየው ቀለም ብረቱ እስኪታይ ተጠርጎ ወጣ፤ የሚሠራበትም ክፍል በመወጣጫና በሸራ እየተከለለ ከዝናብና ከነፋስ ተጠበቀ፤ በላዩም ሦስት ድርብ ቅብ ተቀባ። አዲሱ ቀለም ቢያንስ 25 ዓመት እንደሚቆይ ተገምቷል። እዚያ ደረቅ አየር በብዙ ገንዘብ ተገዛ። እኛ ዘንድ ከጥቅምት እስከ ጥር በነጻ ይገኛል፤ የሚጠይቀን ቀጠሮውን ማክበር ብቻ ነው።

ማንም የማይሠራበት ሥራ

አሁን ወደ ቅደም ተከተሉ ስሌት እንለፍ። እ.ኤ.አ. በ1957 የዱፖንት ኬሚካል ኩባንያ ባልደረባ የነበረው ሞርጋን ዎከርና የሬሚንግተን ራንዱ ጄምስ ኬሊ አንድ ዘዴ ፈጠሩ። ከተሞከረባቸው ሥራዎች አንዱ ለጥገና የሚቆም ፋብሪካን በአጭር ጊዜ መልሶ ማስነሣት ነበር። በአሜሪካ ሉዊቪል ከተማ በሚገኘው የኩባንያው ፋብሪካ ለጥገና የሚባክነው ጊዜ በዚህ ዘዴ ከ125 ሰዓት ወደ 93 ሰዓት ዝቅ ብሏል። ዘዴው የወሳኝ መንገድ ስሌት ይባላል። ሐሳቡ ቀላል ነው። ሥራዎቹን ዘርዝር፤ የትኛው ከየትኛው ቀጥሎ እንደሚመጣ ለይ፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሚወስዱትን መንገዶች ደምር። ረጅሙ መንገድ ወሳኙ መንገድ ነው። ጠቅላላውን ጊዜ ማሳጠር የሚቻለው እርሱን በማሳጠር ብቻ ነው።

በሆሳዕና የሚገኝ አንድ መካከለኛ የዱቄት ፋብሪካን በሐሳባችን እንሣል። የእድሳቱ ሥራዎች የሚከተሉት ናቸው እንበል፦

ሀ. ማሽኖችን ማቆምና የዱቄት ብናኝን ማጽዳት፣ 1 ቀን
ለ. ኩሽኔታና ቺንጋ መለወጥ፣ ሮለሮችን መጠገን፣ አስፈላጊውን ብየዳ መጨረስ፣ ከ«ሀ» በኋላ 5 ቀን
ሐ. የተጎዳውን የውስጥ ልስን አፍርሶ እንደገና መለሰን፣ ከ«ሀ» በኋላ 2 ቀን
መ. ልስኑ እስኪደርቅ መጠበቅ፣ ከ«ሐ» በኋላ 28 ቀን
ሠ. የውስጥ ግድግዳና ኮርኒስ መቀባት፣ ከ«መ» በኋላ 4 ቀን
ረ. የብረት መዋቅሩን ዝገት አጽድቶ መቀባት፣ ከ«ለ» በኋላ 4 ቀን
ሰ. ማናፈስ፣ የመጨረሻ ጽዳትና ሙከራ፣ ከ«ሠ» እና ከ«ረ» በኋላ 2 ቀን

በዚህ ዝርዝር ውስጥ ሁለት መንገዶች አሉ። በማሽኑ በኩል የሚያልፈው መንገድ «ሀ»፣ «ለ»፣ «ረ»፣ «ሰ» ሲሆን ድምሩ 12 ቀን ነው። በግድግዳው በኩል የሚያልፈው «ሀ»፣ «ሐ»፣ «መ»፣ «ሠ»፣ «ሰ» ሲሆን ድምሩ 37 ቀን ነው። ፋብሪካው 37 ቀን ይቆማል ማለት ነው። ተጨማሪ መካኒክ ቢቀጠር ምንም ለውጥ አይመጣም፤ የማሽኑ መንገድ ቀድሞውንም 25 ቀን ትርፍ አለውና። የቀቢዎቹ ቁጥር እጥፍ ቢሆን የሚተርፈው ሁለት ቀን ብቻ ነው። ወሳኙን መንገድ ያስረዘመው «መ» ነው፤ እርሱም ማንም የማይሠራበት ሥራ ነው።

ብዙ ጊዜ የሚፈጸመው ስህተት የሚወለደው እዚህ ላይ ነው። ሥራ አስኪያጁ 28 ቀን ዝም ብሎ መጠበቅ ኪሳራ ይመስለዋል። «በላዩ ላይ እየቀባችሁ ቀጥሉ» ይላል። የመድረቂያው ጊዜ ከወረቀቱ ላይ ይሰረዛል፤ ከግድግዳው ውስጥ ግን አይሰረዝም። ከወራት በኋላ ቀለሙ ሲላጥ ተመልሶ ይጠየቃል።

መፍትሔው መድረቂያውን መሰረዝ ሳይሆን ፋብሪካው ከሚቆምበት ጊዜ አስቀድሞ እንዲያልፍ ማድረግ ነው። የተጎዳው ልስን ከአራት ሳምንት በፊት፣ በመደበኛ የጽዳት ቀናት፣ ቦታው በፕላስቲክ ሸራ በሚገባ ተከልሎ ቢጠገን «ሐ» እና «መ» ፋብሪካው እየሠራ ያልቃሉ። በዚህን ጊዜ የግድግዳው መንገድ «ሀ»፣ «ሠ»፣ «ሰ» ብቻ ስለሚሆን ድምሩ 7 ቀን ነው። ወሳኙ መንገድ የማሽኑ ይሆናል፤ ፋብሪካውም የሚቆመው ለ12 ቀን ነው። አንድም ሠራተኛ ሳይጨመር 25 የምርት ቀናት ተረፉ።

ይህንን ከቀን መቁጠሪያው ጋር እናዛምደው። ሠራተኞች ከያሆዴና ከመሳላ በዓል ሲመለሱ መስከረም 20 እና 21 ልስኑ ይለሰናል። የመስከረም እርጥበት ለልስን ጠላቱ አይደለም። ሲሚንቶ የሚጠነክረው ከውሃ ጋር በመዋሐድ ስለሆነ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ፈጥኖ ባይደርቅ ይመረጣል። ልስን የሚወደውን ቀለም ይጠላል፤ ሁለቱን የሚያስታርቃቸው መሐላቸው ያለው ጊዜ ነው። የ28 ቀኑ ጥበቃ ጥቅምት 19 ይጠናቀቃል። በዚያው ቀን ፋብሪካው ይቆምና ይጸዳል፤ ጥቅምት 20 ቀለም ይጀመራል፤ ጥቅምት 30 ሙከራው ያበቃል። ኅዳር 1 ቀን አዲሱ ስንዴ ሲመጣ ፋብሪካው በሩን ከፍቶ ይጠብቀዋል። የውጭ ግድግዳውና ጣሪያው ማሽኑን ማስቆም ስለማይፈልጉ እስከ ጥር ድረስ በየተራ ሊቀቡ ይችላሉ። የጣሪያ ቀዳዳና አሸንዳ ግን ከበልጉ በፊት፣ ቢዘገይ በግንቦት መጠገን አለበት። የሚያፈስ ጣሪያ ሥር የሚደርቅ ግድግዳ የለም።

ቅደም ተከተል እንደ ሕይወት ዋስትና

የሥራዎች ቅደም ተከተል የገንዘብ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በዝርዝራችን «ሀ» ላይ ብናኝን ማጽዳት ከሁሉ አስቀድሞ የመጣው በምክንያት ነው። የፉርኖ ዱቄት ክምር በቀላሉ አይነድም፤ በአየር ላይ ሲበተን ግን እያንዳንዱ ቅንጣት በኦክሲጅን ይከበባል። በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ 50 ግራም ገደማ ብናኝ ከተበተነ አንዲት የብየዳ ፍንጣሪ ፍንዳታ ልታስነሣ ትችላለች። እ.ኤ.አ. ግንቦት 2 ቀን 1878 በአሜሪካ ሚኒያፖሊስ ከተማ የዋሽበርን ዱቄት ፋብሪካ በዚህ ዓይነት ፍንዳታ ወድሞ 18 ሰዎች ሞተዋል። በማገሮቹ፣ በወንፊቶቹና በቱቦዎቹ ላይ የተጠራቀመው ብናኝ ሳይወገድ የብየዳ መሣሪያም ሆነ ግራይንደር ወደ ውስጥ ሊገባ አይገባም። ጽዳቱም በአየር ግፊት እየነፉ ሳይሆን እየሳቡ ወይም እየጠረጉ መሆን አለበት፤ መንፋት ራሱ ብናኙን ይበትነዋልና።

ብየዳ ከዘይት ቀለም በፊት መጠናቀቅ ያለበትም በሁለት ምክንያት ነው። የአኳራጃ ተን ተቀጣጣይ ነው፤ የብየዳው ሙቀትም አዲሱን ቀለም ያቃጥላል። በተዘጋ ክፍል ውስጥ ይህንን ተን መተንፈስ ራስ ያዞራል፤ በመወጣጫ ላይ ለቆመ ሠራተኛ ደግሞ ራስ ማዞር ማለት መውደቅ ሊሆን ይችላል። ዱቄት ሽታ የመሳብ ባሕርይ ስላለው ከቀለሙ በኋላ ማናፈሻ ቀናት ካልተያዙ ሽታው እስከ ዳቦው ይዘልቃል።

የቆየ ቀለም በሚፋቅበት ጊዜ እርሳስ የተባለውን ብረትም ማሰብ ይገባል። ቀድሞ በነበሩ ቀለሞች፣ በተለይም በቢጫና በቀይ ዘይት ቀለሞችና በፀረ ዝገት ቅቦች ውስጥ የእርሳስ ውሁዶች ይጨመሩ ነበር። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 429 በቀለም ውስጥ የሚፈቀደውን የእርሳስ መጠን በሚሊዮን 90 እጅ ወስኗል። ደንቡ ከመውጣቱ በፊት የተቀባ ግድግዳ ግን አሁንም ቆሟል። ምግብ በሚዘጋጅበት ቤት እንዲህ ያለውን ቀለም በደረቁ መፋቅ አቧራውን ወደ ዱቄቱና ወደ ሠራተኛው ሳንባ መላክ ነው። እያረጠቡ መፋቅ፣ አፍና አፍንጫን መሸፈን፣ የተፋቀውን ሰብስቦ ማስወገድ ያስፈልጋል።

ለተማሪዎች የሚሆን ተግባር

ከላይ የዘረዘርናቸውን መለኪያዎች ለማግኘት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ሁለት ተመሳሳይ ቴርሞሜትሮች ወስደን የአንዱን ጫፍ በረጠበ ጥጥ ብንጠቀልል እርጥበት መለኪያ ሠራን ማለት ነው። ከጥጡ የሚተነው ውሃ ቴርሞሜትሩን ያቀዘቅዘዋል፤ አየሩ በደረቀ መጠን በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ይሰፋል። ልዩነቱን ወደ እርጥበት መቶኛ የሚለውጠው ሠንጠረዥ ብዙ ጊዜ ለባሕር ጠለል የተዘጋጀ መሆኑን አንዘንጋ። እንደ ሆሳዕና ባለ ከፍታ ላይ ለአየሩ ግፊት የተስተካከለውን መጠቀም ይሻላል።

የግድግዳን እርጥበት ለመፈተን ደግሞ 45 ሴንቲ ሜትር በ45 ሴንቲ ሜትር የሆነ ግልጽ ፕላስቲክ ቆርጦ አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር ግድግዳው ላይ መለጠፍ ነው። ከ16 ሰዓት በኋላ በፕላስቲኩ ውስጠኛ ገጽ ላይ የውሃ ጠብታ ከታየ ወይም ግድግዳው ከጠቆረ ገና አልደረቀም። የነሐሴን ግድግዳና የጥቅምትን ግድግዳ በዚህ መንገድ አነጻጽሮ ውጤቱን በመዝገብ ማስፈር ለአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሳይንስ ክበብ ጥሩ ሥራ ነው። በዋቸሞ ዩኒቨርሲቲና በሌሎች ተቋማት ለሚማሩ የምሕንድስና ተማሪዎችም በአቅራቢያቸው ካለ ፋብሪካ ጋር ተነጋግረው የእድሳቱን ወሳኝ መንገድ ማስላት ንድፈ ሐሳቡን ከተግባር የሚያገናኝ ልምምድ ይሆናል።

በዓሉን በተመለከተ የምንለው አንድ ነገር አለ። ያሆዴንና መሳላን በታደሰ ግቢ መቀበል መልካም ነው፤ ሳይንስም ይህን አይከለክልም። በጥቅምት በትክክል የተቀባ ግድግዳ በቀጣዩ መስከረም ቢታጠብ ለእንግዳ የሚበቃ መልክ ይኖረዋል። በየዓመቱ በነሐሴ የሚቀባው ግን በየዓመቱ በጥር ሲላጥ ይኖራል። የበዓሉን ቀን የሚወስነው ባህላችን ነው፤ ቀለሙ የሚጣበቅበትን ቀን ግን የሚወስነው በግድግዳው ውስጥ ያለው ውሃ ነው። ጣሳውን ከመክፈታችን በፊት ያንን ውሃ እንጠይቀው።